ሶፊን ሱሉልታ ያልወሰድኩበት ክረምት

ሐምሌ 5 ቀን 2017፣ ቅዳሜ፣ ሰበታ

ሚስቴን ላሊሴን ጠዋት ሱሉልታ እናትና አባቷ ቤት አድርሼያት ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ በመስኮት ነበር የምታየው። አዲሱ ገበያ ሚኒባስ ስንቀይር ሆዷን በነጠላዋ ሸፈን አድርጋ፣ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብላ፣

«በሪሁን፣ እንግዳዋ እኔ ነኝ ወይስ ልጅህ?» አለችኝ።

«እስክትለምድ ነው» አልኳት።

«ምኑን ነው የምትለምደው? እኔ በሌለሁበት እኔን?»

ረዳቱ «ሱሉልታ! ጫንጮ!» እያለ ይጮህ ስለነበር ያልሰማሁ መሰልኩ።

አባቷ ኦቦ ዋቆ በር ላይ ተቀበሉን። ሻንጣዋን ከእጄ ሲወስዱ ምንም አልጠየቁኝም። እናቷ አዴ ገለቴ ግን «ቤቱ ጠበባችሁ እንዴ?» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ሶፊ ነገ ከድሬዳዋ ትመጣለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከእናቷ ከየወይንሐረግ ጋር ከተለያየን አራት ዓመት ሆነን። ያኔ ድሬዳዋን ለቅቄ ስወጣ ሶፊ እጄን ይዛ «ሌላ ልጅ ትወልዳለህ?» ብላኝ ነበር። «ከአንቺ ሌላ ማንም የለኝም» አልኳት። ላሊሴን ሳገባ ልነግራት በስልክ ስንት ጊዜ ጀመርኩት፤ አልወጣ አለኝ። በስልክ የሚነገር ነገርም አይደለም። ፊት ለፊት እነግራታለሁ። መጀመሪያ ግን ትንሽ ትደሰት፣ ከእኔ ጋር ትዙር።

ሐኪሙ ላሊሴ ሳትወልድ እስከ ጳጉሜን ትቆያለች ብሏል። ሶፊ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ትመለሳለች። ሁሉም በየተራው ይደርሳል።


ሐምሌ 6፣ እሑድ

ባቡሩ ለቡ ጣቢያ ዘግይቶ ገባ። ሶፊ ከእናቷ አክስት ጋር ወረደች። ትከሻዬ ደርሳለች! ሳቅፋት ምን እንደምል ጠፋኝ፤ «ረዘምሽ» ብቻ አልኩ፤ ደጋገምኩት።

ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዛለች። አንዱን ማንሳት አቃተኝ።

«ለአንድ ክረምት ይሄ ሁሉ?»

«ብርድ ነው ሲሉኝ» አለች።

ሹራብ፣ ካፖርት፣ መጽሐፍ ሳይቀር። የድሬ ልጅ ብርድ ፈርታ ቤቷን ጭና መጣች ብዬ ቀለድኩባት። ፈገግ አለች።

የላሊሴን ልብስና ጫማ ትናንት ሰብስቤ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። መታጠቢያ ቤት ያለውን የፀጉር ቅባቷን ረስቼው ኖሯል። ሶፊ ይዛው ወጣች።

«አባ፣ ይሄ ያንተ ነው?»

የእኔ ራስ መሃሉ መላጣ ነው። «የአከራዬ ልጅ ረስታው ሄዳ ነው» አልኩ።

አሸተተችውና ቦታው መለሰችው። አከራዬ ኦቦ ጋሮማ ሴት ልጅ የላቸውም፤ ሶፊ ግን ይህን ከየት ታውቃለች።


ሐምሌ 8

ፕሮግራም አወጣሁ። የሱባ ጫካ። ገፈርሳ። ስድስት ኪሎ ያለው ሙዚየም። ብሔራዊ ሙዚየም። እንጦጦ። ባዶ ቀን እንዳይኖር ነው የፈለግሁት፤ ልጅ ሲሰለቻት ነው ጥያቄ የምታበዛው።

ሶፊ አየችውና «ሱሉልታስ?» አለች።

ፕሮግራሙን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

«የስፖርት አስተማሪዬ ሯጮቹ እዚያ ነው የሚሰለጥኑት ብሎኛል። ማየት ብቻ ነው። ከፈቀዱልኝ ትንሽ ከኋላቸው እሮጣለሁ።»

ለካ በትምህርት ቤቷ ትሮጣለች። አላውቅም ነበር።

«ክረምት ላይ ጭቃ ነው። አይሆንም» አልኳት።

«እዚህስ ጭቃ አይደል?» አለች፤ ጫማዋን አንሥታ እያሳየችኝ።


ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ሱባ። ደስ የሚል ቀን ነበር፤ ለእኔ በተለይ። ዝናቡ እስከ ቀትር ታገሠን። ስለ ጽድ ዛፉ፣ ስለ ዝግባው፣ ወጨጫ ተራራ ከምን እንደተሠራ ነገርኳት። የጂኦግራፊ መምህር ልጅ መሆን ይህ ነው። ሶፊ እየሰማች ነበር፤ አንዳንዴ ቀድማኝ ትሮጥና ቆማ ትጠብቀኛለች።

መውጫው ላይ አንዲት ሴት ቅቅል ድንች ትሸጣለች። ሶፊ በኦሮምኛ ሰላም አለቻት። ሴትዮዋ ሳቀች፤ እሷም ሳቀች፤ የሆነ ነገር ተባባሉ፤ ሶፊ ከእኔ ወደ ሴትዮዋ፣ ከሴትዮዋ ወደ እኔ አየች። የድሬ ልጆች እንዲህ ናቸው፤ በየቋንቋው ሰላምታ አይጠፋቸውም። ከሰላምታ አያልፉም እንጂ። እኔ ቤት እያለሁ ከአማርኛ ሌላ ተናግራ አታውቅም።

ላሊሴ የደወለችው ያኔ ነው። ሶፊ አጠገቤ ስለነበረች በኦሮምኛ መለስኩ። የእኔ ኦሮምኛ ከላሊሴ የተማርኩት ነው፤ የተሰባበረ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ጊዜ ግን ይበቃል። መቼ ትመጣለህ አለችኝ። «ቦሩ ነን ዱፋ» አልኳት፣ ነገ እመጣለሁ።

«ማን ነው?» አለች ሶፊ።

«የሥራ ባልደረባ።»

ድንቿን መላጥ ቀጠለች።

ነገ መሄድ አልችልም። ነገ ገፈርሳ ነው፤ ቃል ገብቼላታለሁ።


ሐምሌ 13፣ እሑድ

ቡራዩ ስምዖን ቤት ምሳ በላን፤ ከዚያ ሁላችንም ገፈርሳን ልናይ ሄድን። ስምዖን የትምህርት ቤታችን የፊዚክስ መምህር ነው፤ እኔን ከድሬዳዋ ያስመጣኝም እሱ ነው። ሶፊ ከሚስቱ ከማሪቱና ከልጆቻቸው ጋር ቀድማ ስትሄድ ክንዴን ያዘኝ።

«አልነገርካትም?»

«ጊዜ እየጠበቅሁ ነው።»

«ምን እስኪሆን? ሕፃኑ ራሱ ሄዶ እስኪነግራት?»

ስምዖን ሁሉን ነገር ያቀለዋል። እሱ አንድ ቤት ነው ያለው፤ ሁሉም ልጆቹ አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው።

ማታ ስንመለስ ሶፊ ስለ ትምህርት ቤታችን ጠየቀችኝ። ዘጠነኛ ክፍል አለው ወይ? ልጆቹ ከየት ነው የሚመጡት? አዲስ ተማሪ መቼ ነው የሚመዘገበው? ደስ አለኝ፤ ለሥራዬ ያላት ፍላጎት አስገረመኝ። ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደተመሠረተ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ሚኒባሱ ዓለም ገና ሲደርስ ተኝታ ነበር፤ ወይም ዓይኗን ጨፍና።


ሐምሌ 17

ላሊሴ እግሯ አብጧል። ጨው ቀንሺ ብለዋታል። ድምፅዋ ደክሟል። ልሄድ ተነሥቼ ነበር፤ ለሶፊ የት ነው ብዬ ልሂድ? ላሊሴን ቦሩ አልኳት። ስልኩን ዘጋችው፤ ወይም ኔትወርክ ነው።


ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

የወይንሐረግ ደወለች። ሶፊ ውጭ ልብስ ታሰጣ ነበር።

«ነገረችህ?» አለችኝ።

የምን እንደሆነ አልገባኝም። ከልጄ አፍ ያልሰማሁት ነገር እንዳለ ለእሷ ማሳየት ግን አልፈለግሁም። «አዎ» አልኩ።

«ታዲያ ምን አልካት?»

«እናየዋለን አልኳት።»

«እናየዋለን አትበላት በሪሁን። ታውቃታለህ፤ ትጠብቃለች» አለች። ሰውየው ሥራው ጅጅጋ ስለሆነ ከመስከረም ጀምሮ እዚያ እንደሚኖሩ፣ ቤት እንዳገኙ ነገረችኝ። ለካ ልታገባ ነው። እንዲህ በቀላሉ፤ እንደ አየር ጠባይ።

ሶፊ ልትነግረኝ የከበዳት ይህ የእናቷ ጋብቻ መሆን አለበት። እንዳዝንላት ስላልፈለገች ይሆናል። አልጠይቃትም። ራሷ ሲቀላት ትናገር። ሰው በጉዳዩ መጣደፍ የለበትም።


ሐምሌ 27፣ እሑድ

ስድስት ኪሎ ያለው ሙዚየም። ትናንት ነበር የሄድነው። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በሰው ዕድሜ ነው፤ ከልደት ተጀምሮ እስከ ሞት። እኔ እንደ ልማዴ ሁሉን ላስረዳት እሮጣለሁ፤ ሶፊ ግን ከመጀመሪያው ክፍል አልወጣ አለች። የሕፃን ማዘያው ፊት ቆማ፣

«ሕፃን ሲወለድ አባትየው የት ነው የሚሆነው?» አለችኝ።

«እንደየባህሉ ይለያያል። አንዳንድ አካባቢ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አንተስ? እኔ ስወለድ የት ነበርክ?»

«ክፍል ውስጥ። እያስተማርኩ።»

«ከዚያስ?»

«የዘበኛው ልጅ መጥቶ ሲነግረኝ ጠመኔውን ጣልኩና ሮጥኩ። ከሳቢያን ሰፈር እስከ ሆስፒታል። ታክሲ መያዝም ትዝ አላለኝ።»

«በዚያ ሙቀት? ሮጥክ?» አለች። ፊቷ በራ። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ስትስቅ አላየሁም። ክንዴን ይዛ ነው ቀሪውን ክፍል የዞረችው። ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ያን ሳቅ በገዛ እጄ ማጥፋት...

ለእሑድ አልኩ። ዛሬ ደግሞ ዘነበ።


ነሐሴ 1

ኦቦ ጋሮማ ግቢ ውስጥ አገኙኝና በኦሮምኛ ሚስትህ ደህና ናት ወይ፣ መቼ ነው የምትወልደው አሉኝ። ገና ነው አልኳቸው፤ በኦሮምኛ። እግዜር ያቅልላት አሉ። ሶፊ ቧንቧው ጋ ጫማዋን ታጥብ ነበር። ባልዲው ሞልቶ ውኃው በእግሯ ላይ ይፈሳል፤ አልዘጋችውም።

«ሶፊ፣ ውኃው!» ስላት ነው የነቃችው።

ደክሟታል መሰለኝ። ብዙ አዞርኳት።


ነሐሴ 4፣ እሑድ

ተጣላን። ልጄን ጮህኩባት።

ቁርስ ላይ እንደገና ሱሉልታ አለች።

«ሱሉልታ ምን አለ?» አልኳት።

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅህ። ሱሉልታ ምን አለ?»

«ምንም የለም።»

«ምንም ከሌለ እንሂዳ።»

ብርጭቆዬን ጠረጴዛው ላይ አስጮህኩት። ያልወሰድኩሽ ቦታ የለም፣ ዕረፍቴን በሙሉ ላንቺ ሰጠሁ፣ ሙዚየም ብትይ ጫካ ብትይ... ብዙ አልኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አባ፣ እኔ መቼ ውሰደኝ አልኩህ? ከመጣሁ ጀምሮ ቤት ቁጭ እንበል፣ እናውራ ነው የምልህ።»

እንዲህ ማለቷን አላስታውስም። እውነት ለመናገር፣ ሳስበው ብላለች። ሱባ የሄድን ጠዋት ብላለች። ገፈርሳ የሄድን ጠዋትም።

ቀኑን ሙሉ ክፍሏን ዘግታ ዋለች። ሻይ አስቀመጥኩላት፤ ቀዝቅዞ አገኘሁት። ላሊሴ ሁለቴ ደወለች፤ ድምፄ ያስታውቃል ብዬ አላነሣሁም።


ነሐሴ 11፣ እሑድ፣ ሱሉልታ

የት እንደምጀምር።

ትናንት ብሔራዊ ሙዚየም ነበርን። ለመታረቅ ብዬ ነው የወሰድኳት። ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ነበር፤ እሷም ያን ስታይ ደስ ያላት መሰለኝ። ምድር ቤት ወርደን የጥንቱን ሰው አጥንት እያሳየኋት ስለ አፋር ምድር፣ ስለ ስምጥ ሸለቆው ሳወራ ቆየሁ። ስንወጣ ስልኬን ብከፍት የኦቦ ዋቆ ጥሪ ተደራርቧል።

በሩ ላይ ቆሜ ደወልኩ። ጤና ጣቢያ ነን፣ ምጡ ቀድሞ መጣባት፣ ደም አለ አሉኝ። ጠዋት ነው የጀመራት። ኦቦ ዋቆ የሚጮሁ ሰው አይደሉም። ትናንት ጮኹብኝ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ሶፊ ዞርኩ። ያን ጊዜም ዋሸሁ! «የሥራ ጉዳይ ነው፤ አስቸኳይ ስብሰባ...»

«ቅዳሜ?» አለች። አየችኝ። «ላሊሴ ናት?»



«ማን ነገረሽ?»

«አንተ። በየቀኑ። አጠገቤ ተቀምጠህ።» አላለቀሰችም። «ጓደኞቼ ግማሾቹ ኦሮሞ ናቸው አባ። ካንተ የተሻለ እናገራለሁ። ሱሉልታ ኦቦ ዋቆ ቤት ትደውልላትና ቦሩ ነን ዱፋ ትላታለህ። ሁልጊዜ ቦሩ። ሄደህ ግን አታውቅም፤ አብሬህ ስለምውል አውቃለሁ። እኔ እንድትሄድ ነው ሱሉልታ ሱሉልታ ስል የከረምኩት።»

ሰው ያልፋል። አንድ ጎብኚ ቤተሰብ ፎቶ እንዳነሣቸው ስልክ ዘረጋልኝ፤ አየኝና መለሰው።

«ወለደች?» አለች።

«እያማጠች ነው። ደህና አይደለችም።»

«በቃ እንሂድ። ና፣ እንሂድ።» እጄን ያዘችኝ።

«አይሆንም» አልኳት።

ለምን እንዳልኩ አሁንም አላውቅም። ሁሉ ታውቆ፣ የሚደበቅ ነገር ሳይኖር አይሆንም አልኩ። ስምዖን ፒያሳ ነበር፤ ደወልኩለት፤ መጥቶ ቡራዩ ወሰዳት። ታክሲ ውስጥ ስትገባ ወደ እኔ አላየችም።

ስደርስ ወልዳለች። ወንድ ነው። ትንሽ ነው፣ በጣም ትንሽ፤ አዴ ገለቴ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይዘውታል። ላሊሴ ደሙ ቆሞላታል፤ ፊቷ ግን እንደ ሰም ነው። አልጋዋ አጠገብ ቆምኩ። ይቅርታ ልላት አሰብኩ።

«ሶፊ የት ናት?» አለችኝ።

«ቡራዩ። ስምዖን ቤት።»

«ተውካት?»

 ወደ ግድግዳው ዞረች።


ነሐሴ 12

ጠዋት ማሪቱ እያለቀሰች ደወለች፤ ሶፊ የለችም። ዳቦ ልግዛ ብላ ወጥታ ቀረች። ስልኳ ዝግ ነው።  ቡራዩ ልሂድ፣ ሰበታ ልሂድ፣ ባቡር ጣቢያ ልሂድ አላውቅም፤ ከጤና ጣቢያው በር እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ዝናቡ ይወርዳል።

በመጨረሻ ኦቦ ዋቆ በጭቃው መሃል ሲመጡ አየሁ፤ ጃንጥላቸውን ለአንድ ልጅ ይዘውላት እሳቸው እየበሰበሱ። ሶፊ ናት። ከቡራዩ ብቻዋን በሚኒባስ መጥታ፣ መናኸሪያው ጋ ወርዳ፣ የኦቦ ዋቆን ቤት ስትጠይቅ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ አድርሷታል።

«ደጄ ላይ አፍ ያላት ልጅ አገኘሁ» አሉኝ። «ያንተ ናት አሉኝ። እውነት ነው?»

«የኔ ናት።»

«ታዲያ ለምን ጎረቤት አመጣት?»

ሶፊ አልፋኝ ገባች። ላሊሴ አልጋ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። በኦሮምኛ እንኳን ማርያም ማረችሽ አለቻት። ላሊሴ ቀና አለች። ልጅቷን አየች፤ እኔን አየች፤ ደጋግማ።

«ከዚህች ልጅ ነው የደበቅከኝ?» አለች።

ሶፊ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ላሊሴ ቦታ ለቀቀችላትና አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት። አዴ ገለቴ ሕፃኑን አምጥተው እቅፏ ውስጥ አኖሩላት። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ግባ ያለኝ የለም፤ ውጣ ያለኝም የለም።


ነሐሴ 16

ላሊሴ ወደ ወላጆቿ ቤት ተመለሰች። ሕፃኑ መጥባት ጀምሯል። ሶፊም እዚያው ናት፤ ላሊሴ «እሷ ትቆይ፤ አንተ ሂድና ቤትህን አስተካክል» አለችኝ። ሰበታ ያለሁት ብቻዬን ነው። ቁምሳጥኑን ከፍቼ ልብሷን ሁሉ ቦታው መለስኩ።


ነሐሴ 19

ሱሉልታ ዋልኩ። ኦቦ ዋቆ ዛሬ ማለዳ ሶፊን ወስደው ሯጮቹን አሳይተዋታል። ከአንዲት ልጅ ጋር ሜዳውን ዞራለች፤ ትንፋሽ አጥሯት ቆማ፣ እንደገና ዞራለች። ለእኔ አይደለም የነገረችኝ። ለላሊሴ ስትነግራት ከውጭ ሆኜ ነው የሰማሁት። ስገባ ወሬው አለቀ።

«ሶፊ፣ ተቀይመሽኛል?» አልኳት ቆይቼ።

«ተቀይሜ ነበር» አለች። ሕፃኑን እያወዛወዘች ነው። «አሁን እየጠበቅሁ ነው።»

«ምን?»

ትከሻዋን ነቀነቀች።

እስኪበርድላት ማለቷ ይመስለኛል። እኔም አልገፋኋትም።


ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ሸኘኋት። ለቡ ጣቢያ፣ ሁለቱን ሻንጣ እየጎተትን። እንድትቆይ መለመን አማረኝ፤ ግን በምን አፌ? ይህን ሁሉ ካደረግሁባት በኋላ እኔ ዘንድ ሁኚ ብላት እንደገና ለራሴ ማሰብ ነው። እናቷ አለች፤ አዲስ ቤት አላቸው። መሄድ የምትፈልግ ይመስላል፤ ጠዋት ከማንም ቀድማ ነው የለበሰችው።

መድረኩ ላይ ባቡሩን ስንጠብቅ ስለ ሐዲዱ ጀመርኩ፤ የድሮው ባቡር በየት በኩል ያልፍ እንደነበር። አቋረጠችኝ።

«አባ፣ የምትለኝ ነገር አለ?»

ፊቴን ታያለች። አልሸሸችም።

«በርቺ» አልኳት። «ትምህርትሽን ያዢ። ለገና ትመጫለሽ።»

የሻንጣዋን እጀታ ያዘች።

«እሺ» አለች።

ባቡሩ ከሄደ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። ጥበቃው መጥቶ ሌላ ባቡር የለም አለኝ።


ጳጉሜን 3

ላሊሴ ዛሬ ከእኔ ጋር አወራች። የአንድ ሰው ድምፅ ይህን ያህል ይናፍቃል? ሕፃኑን እያጠባች፣ ቀና ሳትል ነው ያወራችኝ።

«የሶፊን ሻንጣ ምን መሰለህ?»

«ብርድ ፈርታ።»

«ያላትን ሁሉ ይዛ ነበር የመጣችው፤ የልጅነት ፎቶዋን ሳይቀር። ጅጅጋ መሄድ አልፈለገችም። አንተ ዘንድ ሆና ልትማር ነው የመጣችው። እናቷም ፈቅዳላት ነበር።»

የወይንሐረግ «ነገረችህ?» ያለችኝ ይህን ነው። እናየዋለን ያልኩት ለዚህ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም? እስከ ጣቢያ ድረስ ዝም አልሽ?»

«አስምላኝ ነው። ብጠይቀው እሺ ይላል አለችኝ፤ እንቢ ማለት ስለማይችል እሺ ይላል። ሳልጠይቀው ይፈልገኝ እንደሆነ ልየው አለች።» ልጁን ወደ ሌላው ክንዷ አዞረችው። «እኔ ደግሞ ትጠይቃታለህ ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው። በሞኝነቴ።»

ነገ ጠዋት እደውላለሁ።


ጳጉሜን 4

አልደወልኩም። ምን ብዬ እንደምጀምር ጽፌ ነበር፤ ቀደድኩት።


መስከረም 1

እንኳን አደረሰሽ አልኳት። እንኳን አብሮ አደረሰን አለች። ጅጅጋ ገብተዋል። ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው አለች። ከኋላዋ የሰው ድምፅ፣ ሳቅ ይሰማ ነበር። ጊዜው አይደለም ብዬ ተውኩት።

ጊዜው አይደለም። ይህን ቃል በዚህ ክረምት ስንቴ እንደተጠቀምኩበት።


መስከረም 14፣ ሱሉልታ

ልጁ ዛሬ ክርስትና ተነሣ። ክርስትና ሊነሣ ስንሄድ ስሙ ሲላስ እንደሚባል ላሊሴ ነገረችኝ፤ ስሙን እሷና ሶፊ በስልክ ተነጋግረው መርጠውታል። ጥሩ ስም ነው አልኩ። ጥሩ ስምም ነው።

እንግዳው ምሳ በልቶ ሲበታተን ከኦቦ ዋቆ ቤት ጀርባ ወዳለው ሜዳ ወጣሁ። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል፤ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ነው። ደወልኩ። ቶሎ አነሣች።

«ሶፊ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው።»

«እሺ።»

«እዚህ ከእኛ ጋር መኖር ትፈልጊ ነበር?»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ፤ ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«ነበር» አለች።

ተቆጥታ አይደለም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሰው ትቶት ስለሄደው አገር ሲጠየቅ እንደሚመልስ ነው ያለችው።

«አሁንስ?» አልኳት።

«አሁን ተመዝግቤያለሁ አባ። የሩጫ ቡድን ውስጥም ገብቻለሁ። እማዬም ሰውየው ሥራ ሲሄድ ብቻዋን ስትሆን... ይሻላል እዚህ ብሆን።» ከዚያ ቶሎ ብላ፣ እኔ ሌላ ነገር ሳልል፣ «ክርስትናው እንዴት ነበር? አለቀሰ? ላሊሴን ስጠኝማ» አለች።

ስልኩን ይዤ ገባሁ። ላሊሴ ጓዳ ውስጥ ልጁን እያለበሰች ነበር። ሰጠኋት። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ በኦሮምኛ ማውራት ጀመረች፤ ፈጣን ነው፤ እኔ የማልደርስበት። ሳቀች። ከወዲያም ሳቅ ይሰማል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ከሚያወሩት አንዳንድ ቃል እየለቀምኩ። ላሊሴ ቀና ብላ አየችኝ። በቁጣ አልነበረም። በእጇ ምልክት በሩን ዝጋው አለችኝ።

ዘጋሁትና ወጣሁ።